ፍሬኑን ማን ሰጠ?

ይድረስ ለናፍቆትሽ መድኃኒት ላጣሁልሽ እህቴ፣

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? የኦክላንድ ብርድ ጉልበትሽን ተወት አደረገልሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከኢዮአኔ ኩላሊት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። የባሌን ነገር ታውቂዋለሽ፤ በሽታው አፉን አልነካውም። ይህን ስጽፍ እንኳ አጠገቤ ጋደም ብሎ “ሰላም በይልኝ፣ ደሞ አታርዝሚው” እያለ ይነዘንዘኛል። አላሳጥርም። የምኮራበት ነገር አግኝቻለሁ።

ለኩላሊት እጥበት ዋና ከተማው አፒያ መመላለስ እንዳለበት፣ አውቶቡሱም የማፋን ዳገት አልፎ የሚያደርሰው ቀጠሮው ካለፈ በኋላ እንደሆነ በስልክ ነግሬሽ ነበር። ለመኪና ብለሽ የላክሽልን ገንዘብ በደረሰ ሰሞን ፓስተራችን አዲስ መኪና ተሰጣቸውና አሮጌዋን ሊሸጡ ነው ተባለ። እልል አልኩ። የፓስተር መኪና! ሁልጊዜ እንደታጠበች፣ እንዳብረቀረቀች ናት። “ነገውኑ እንውሰዳት” አልኩ።

ሳላፋይ ግን “ቆይ እማዬ፣ መጀመሪያ ምን ምኗ ተሠርቶ እንደሚያውቅ ልጠይቃቸው” አለች። ማንን ብላት፣ ፓስተሩን! ደሜ ፈላ። “አንቺ ልጅ፣ እኝህን ሰው መኪናዎ ደህና ናት ወይ ልትያቸው? መሳቂያ ልታደርጊን ነው?” አልኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ይህን ግትርነት ከማን እንዳመጣችው አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከእኔ እንዳልሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

አፏን ላስይዝ ተከትያት ሮጥኩ። ፓስተሩ ግን አልተቆጡም፤ ሳቁ። “የጥገና ደብተር የሚባል የለኝም ልጄ። እኔ ነድቻት እንኳ አላውቅም። የሚነዷት ወጣቶቹ ናቸው፣ የሚያሠሯት ደግሞ ምዕመናኑ በየተራ። እነሱን ጠይቂ” አሏት። እኔ በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። እሷ የምሯን ቤት ለቤት ዞረች።

የኛን ሰው ታውቂዋለሽ። ለፓስተር የተሰጠ ሁሉ እሑድ ጉባኤ ፊት ከነሰጪው ስም ጮክ ተብሎ ስለሚነበብ፣ የሰጠውን የሚረሳ ቤት የለም። ሹሙ ሌኦታ “አራቱም ጎማ የኛ ነው፤ ደሞ ተራ ጎማ እንዳይመስልሽ!” አሏት። ፔፔ ደግሞ “የወንበሩን ልብስ አላየሽም? እሱ እያለ የሌኦታ ጎማ ምኑ ይወራል?” አለቻት። ቀለሙ የአንዱ ቤት፣ ቴፑ የሌላው፣ ጥሩምባውማ የኔ ነው የኔ ነው ሲባባሉ ሁለት ቤቶች ሊኳረፉ ምንም አልቀራቸው። በመጨረሻ ሹማምንቱና ሰጪዎቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ገብታ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። አንገቷን ደፍታ፣ በትሕትና፣ “ሁሉንም ሰማሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ፍሬኑን ማን ሰጠ?” አለች።

 ሌኦታ ፔፔን አዩ፣ ፔፔ ጣራ ጣራውን። እሷው ፔፔ “ታዲያ ፍሬን ማን ያየዋል?” ብላ አረፈችው።

መካኒኩ ሴሚሲ ተጠርቶ ጎማውን ሲፈታ የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ይፋጫል። የፍሬን ዘይት ቱቦውም ወጣቶቹ ጀልባ በጎተቱባት ቁጥር ኋላዋን ባሕር ውስጥ እየነከሩ በጨው ተበልቷል። “የማፋን ቁልቁለት በዚች ወርዳችሁ ቢሆን ኖሮ ኢዮአኔ ሐኪምም አያስፈልገውም ነበር” አለኝ።  እኔ እኮ ይሉኝታ ይዞኝ ባሌን በዚያች መኪና ላሳፍር ነበር! ፓስተሩም ፊታቸው አመድ መሰለ፤ በዚያው ሳምንት ባለቤታቸው አፒያ የሚሄዱት በእሷው ነበርና።

ከዚያማ ምን ልበልሽ፤ ሌኦታ ብድግ ብለው “ፍሬኑ የኛ ነው!” አሉ። “ቱቦው የኛ! ማንም እንዳይነካው!” አለች ፔፔ። እሑድ ዕለት ከስጦታ ምንጣፉና ከካርቶን የታሸገ ዓሣው ቀጥሎ “ከሌኦታ ቤት፣ የአራት ጎማ ሙሉ ፍሬን!” ተብሎ ሲነበብ ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ጋብ ሲል ፓስተሩ ተነሡና “አንድ ያልተነበበ ስጦታ አለ” አሉ። “ከሳላፋይ፣ አንድ ጥያቄ። የእናቷ ልጅ!”

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔም ነጭ ባርኔጣዬን አስተካክዬ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። አልዋሽሽም፣ ኩራት ደረቴን ሊያፈነዳው ነበር። ቤት ስገባ ግን ያን ምስጋና ለብቻዬ መውሰዴ ከነከነኝ። ግማሹን ይኸው ልኬልሻለሁ፤ ተቀበይኝ።

መኪናዋ አሁን የኛ ናት። ሳላፋይ ኢዮአኔን ይዛ ስትወርድ እሱ “ቀስ በይ” ይላታል፣ እሷ “ፍሬኑ የሌኦታ ነው፣ አትፍራ” ትለዋለች።

ለገና ስትመጪ ከአየር ማረፊያ የምታመጣሽም እሷ ናት። እኛ ከኋላ እንሆናለን፤ አንቺ ከፊት፣ ከጎኗ ተቀመጪ። የምጠይቃት ነገር አለኝ ብላለች። ምንድነው ብላት “ለእሷ ነው የምነግራት” አለችኝ። ልጅቱ ጥያቄ ከያዘች እንደማትለቅ መቼም አሁን ገብቶሻል። ስለ እኔ ብለሽ እንዳትሸሽጊያት። አሳድጌያታለሁ፤ ማን እንደወለዳት እውነቱን ብትሰማ የምትጠፋኝ ልጅ አይደለችም።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ሁላችንንም በአንድ ማዕድ ይሰብስበን።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ