ካርዱ ታይቷል፤ እህቴ ግን አልታየችም

ለተከበሩ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይም ልጆችዎ፣ ሙሉ ጤና እንዲሆኑና ለካርድ ሰልፍ እንዳይዳረጉ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከትውልድ ቀዬዬ ርቄ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ጣውላ እየላግኩ የምኖር፣ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ወጣት ስለሆንኩ፣ በአጻጻፌ ያጠፋሁት ቢኖር ይቅርታዎ አይለየኝ።

እናታችን ካረፈች ወዲህ የስምንት ዓመት እህቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ትምህርት ቤት እያለቀሰች ልጆች መምታት ስትጀምር፣ አስተማሪዋ «ሐኪም ይያት» ስላሉኝ ወደ እናንተ ይዣት መጣሁ። ከዚያ ወዲህ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በዝርዝር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሐኪሙ ስለ እህቴ አንድ ጥያቄ ብቻ በመጠየቅ ድካሜን ስላቀለሉልኝ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄው «ስንት ኪሎ ናት?» የሚል ነበር። ስለ እናቷ ልነግራቸው አፌን ስከፍት የማረጋጊያ ክኒን ማዘዣው ተጽፎ አልቆ ነበር። እኔ አንድ ጣውላ እንኳ ሳላገላብጥና ስንጥቁን በጣቴ ሳልፈልግ መላጊያ አላሳርፍበትም፤ ሕክምና ግን ከአናጢነት የረቀቀ ስለሆነ መፍረድ አልችልም።

፪ኛ. በየወሩ ስንመላለስ «ካርዱ ከገባ ይበቃል፣ ልጅቷ እዚያ ትቀመጥ» እየተባለ፣ እህቴ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ላይ በክብር እንድታርፍ ስለተደረገ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ካርዱ ሰባት ጊዜ ገብቶ፣ ሰባት ጊዜ «ይቀጥል» ተብሎበት ወጥቷል።

፫ኛ. ይህኛው የራሴ ጥፋት ነው። ሐኪሙ ቀና ሳይሉ «እንዴት ናት?» ባሉኝ ቁጥር፣ ነጭ ጋዋን ፊት ብዙ መናገር ስለማልደፍር፣ «ደህና ናት ዶክተር፣ አታስቸግርም» እያልኩ እመልስ ነበር። እውነት ነው፣ አታስቸግርም። አታለቅስም፣ አትማታም፤ ግን ደግሞ አትስቅም፣ ምግቧን አትጨርስም፣ ክፍል ውስጥ ደብተሯ ላይ ተደፍታ ታንቀላፋለች። ድሮ ከሥራ ስገባ ከፀጉሬ ላይ ሰጋቱራውን እያራገፈች «ሸበትክ እኮ፣ አንተ ሽማግሌ!» ትለኝ ነበር። አሁን ሰጋቱራው እዚያው ያድራል። በየማለዳው ክኒኑን በእጄ የማጎርሳት እኔው ነኝ። ባለፈው ሳምንት «ይሄን ስውጠው እማዬን እረሳታለሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ውሃ አቀበልኳት።

ክቡር ሆይ፣ መድኃኒት አልጠላም፤ በድንገት ማቆምም ጉዳት አለው ሲባል ስለሰማሁ በገዛ እጄ አላቆምኩትም። የምለምነው፣ ከስምንተኛው «ይቀጥል» በፊት አንድ ሐኪም ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እንዲያናግራት ብቻ ነው።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ እያፈርኩ፣ ለማይቋረጠው ቸርነትዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የካርዱ አስታማሚ

ማሳሰቢያ፦ ማክሰኞ ቀጠሯችን ነው። ካርዱን ቤት ትቼ ልጅቷን ይዤ እገባለሁ። ስለ ካርዱ ግን ምንም አይሥጉ፤ ሰባት ወር ሙሉ በሐኪም ስለታየ ፍጹም ጤነኛ ነው።