ያልተበየዱት ሁለት ቀለበቶች

ይድረስ ለምወድሽና ደሜን ለምታፈዪው ልጄ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፉስ፣ ምግቡስ? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን። የምትጽፈው ታናሽ እህትሽ ናት፤ የምለውን እንዳለ አስፍሪ፣ እንዳታለሳልሺው ብያታለሁ።

ለእናትሽ የላክሽው ደብዳቤ ተነበበልኝ። «የኬሚስትሪውን ትምህርት ልተወው ነው፤ ለአባባ አትንገሩት፣ አይገባውም» ብለሻል። አይገባውም? አርባ ዓመት ሙሉ ሰንሰለት የሠራሁት ዓይኔን ጨፍኜ ነው እንዴ! አንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ ማሳለፍ ለእኔ ተረት ሆኖ ነው?

አብሮ የመጣውን ሥዕልሽንም አየሁት። ሁለት ቀለበት፣ በቤተ ሙከራ የምትሠሪያቸው፣ በዓይን የማይታዩ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ያለፈ፤ ሳይጣበቁ፣ ሳይበየዱ፣ ግን የማይለያዩ። ጎረቤታችን በያጁ አይቶ «ያልተበየደ ነገር ምኑን ተያያዘ? ልጅህን አታልለዋታል» አለኝ። ብግን አልኩ። ከሽቦ ሁለቱን ሠርቼ መዳፉ ላይ ጣል አደረግኩለትና «እስቲ ለያያቸው፣ ጎበዝ!» አልኩት። አዟዟራቸው፣ ጎተታቸው፣ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ «አንዱ ካልተሰበረ አይሆንም» አለ። «ልጄስ ምን አለች ታዲያ!» ብዬ አባረርኩት።

ጥፋትሽን ራስሽ ጽፈሽዋል። ሁለቱን ይዞ የሚያቆየውን መዳብ፣ የቀለበቱ አፍ ሳይዘጋ ቸኩለሽ አወጣሽው፤ ቀለበቶቹ ተለያዩ፣ የሁለት ዓመት ልፋትሽን ውሃ በላው። እና ለዚህ ነው የምትተዪው? ስሚኝ፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እህትሽም ሰማችኝ፣ ምን ይደረግ። እኔም ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የቀለበቱ አፍ ሳይገጥም መያዣውን ችንካር ቀድሜ ነቀልኩት። ሰንሰለቱ ተፈልቅቆ የሰፈሩ ባልዲ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ቀረ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በሦስተኛው መዶሻዬን አንስቼ ተቀመጥኩ፤ ሰንሰለት ሠሪ ሌላ ምን ያደርጋል?

ናፍቀሽን ከመጣሽ በሩ ክፍት ነው፣ አልጋሽም እንዳለ ነው። ተሸንፈሽ ከመጣሽ ግን ከእናትሽ ጋር ተላቀሱ፤ እኔ ሥራ አለኝ።

እናትሽ አንገትሽን ከብርድ ሸፍኚ ትልሻለች። ታላቅ ወንድምሽ ሰላም ብሎሻል። አክስትሽ እንደ ልማዷ መቼ ነው የምታገባው ብላለች፤ መልስ አትስጫት። ጸሐፊዋ እህትሽ ትስምሻለች። እንደገና የምትጀምሪበትን ቀን ጻፊልኝ፤ ፖስታውንም በእኔ ስም አድርጊው።

አባትሽ
ከሰንሰለት መሥሪያው ቤት፣ ኅዳር ፲፱ ቀን