አርብ የመጣው ጥቅል ኬክ

ሎስ አንጀለስ፣ ኦክቶበር 2014

ልጄ ትርሲት፣

የስዊድን ብርድ አይንካሽ፤ ጤናሽን አብዝቶ ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱ ተሽሎት እስከ ፌርፋክስ ጎዳና በእግሩ ይሄዳል።

ከስዊድን እዚህ ለጉብኝት የመጡት የኤሪክ እናት ወይዘሮ ኢንግሪድ አርብ ከሰዓት ቤታችን መጡ። ቡዳፔስት የሚሉትን የአገራቸውን ኬክ ባረፉበት ቤት ራሳቸው ጋግረው ይዘውልን መጥተው ነበር፦ የእንቁላል ነጭ በስኳር ተመትቶ፣ ክሬምና መንደሪን ተሞልቶ የተጠቀለለ። ቅር እንዳይላቸው ፈራሁ።

«ዛሬ ጾም ነው፤ አልበላም» አልኳቸው።

«ታዲያ ፍሪጅ የለዎትም እንዴ?» ብለው ሳቁ። ከእኛ ጋር ምስር በልተው ሄዱ፤ ቅዳሜ ጠዋት ተመልሰው መጡና ኬኩን አብረን ቆረስነው። አባትሽ ደገመ።

ልጄን ለምን ዓይነት ቤተሰብ ነው የምሰጠው እያልኩ ስንት ወር ተጨንቄ ነበር። አሁን ቀለለኝ።

የዓመቱን አጽዋማት በየቀናቸው ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። የሠርጉን ቀን ስትቆርጡ እባክሽ እሳቸውን ጠይቂ።

አንቺንም ኤሪክንም እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ።

እናትሽ ልዕልት