ከመርገጫው ሥር

ይድረስ ስሙን ለማልጽፈው፣ በዱር ላለው ወዳጄ።

እንደምን ከርመሃል? የተራራው ብርድ እንደምን ያደርግሃል? ያ ክረምት በመጣ ቁጥር ደረትህን የሚይዝህ ሳል ለቀቀህ ወይ? በግራ ጉንጭህ ብቻ የሚጎደጎደው ሳቅህስ አለ? እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነኝ። ናፍቆቱን አልጽፈውም፣ ትኮራብኛለህ። ፊደሌ ቢጣመም አትሳቅ፤ ከእናትህ ተደብቀህ አጥር ሥር ያስቆጠርኸኝ አንተ ነህና ግድፈቱ የመምህሩ ነው። ወረቀቱን የሚያደርስልህ እንጨት ሻጩ ጉታ ነው። ጭነቱ መሀል እንደሚሸጉጠው፣ ኬላ ላይ ከያዙት ግን አላምጦ እንደሚውጠው ነግሮኛል። እንግዲህ ከጉታ ሆድ ከተረፈ ታነበዋለህ።

የምጽፍልህ ስለ እናትህ ነው። አትደንግጥ፣ በሕይወት አሉ። አሁን እንኳ ይህን ስጽፍ ከጓሮ ድምፃቸው ይሰማኛል።

አባቴ በዚያ በየካቲቱ እልቂት እንደሞተ ሰምተሃል። እንዴት እንደሞተ ግን ከእኔና ከእናትህ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለአንተም ያልነገርሁህ አስቤበት ነው።

ሽማግሌ እንዲልኩልህ የለመንሃቸው ቀን እናትህ ያሉትን ታስታውሳለህ። ‹የሸማኔ እግር የረገጠውን ደጅ አልረግጥም› ነበር ያሉት። አባቴ ይህን ሲሰማ መወርወሪያውን አላቆመም፤ እኔ ግን ቃሉን አንድ በአንድ ያዝሁት። የያዝሁትን ነገር ደግሞ እንደማልለቅ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

እልቂቱ በተጀመረ በማግስቱ የጣሊያን ሶላቶዎች ከታች በኩል ቤት እያቃጠሉ መጡ። የአንተን ቤት ከበው ኖሮ እናትህ ያለ ነጠላ በአጥራችን ሾልከው ገቡ። አባቴ ሸማ ላይ ነበር። አሠራሩን ታውቀዋለህ፤ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ መርገጫውን እየረገጠ ነው የሚሸምነው። እግሩን ሰበሰበና ‹ይግቡ እሜቴ› ብሎ እናትህን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አስገባቸው። በላያቸው ተመልሶ ተቀመጠና መሸመኑን ቀጠለ። እኔን በጓሮ በኩል አስወጣኝ። እንሰቱ ሥር ተኝቼ ሁሉንም ሰማሁ። መርገጫው ቋ... ቋ... ይላል። አስተርጓሚው የሽፍታውን እናት አይተሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። አባቴ ከሸማዬ በቀር ያየሁት የለም አለ። መርገጫው አሁንም ቋ... ቋ...። ከዚያ ተኩስ። ከዚያ ዝም።

ስመለስ አባቴ ሸማው ላይ ተደፍቷል። እናትህ ከሥሩ ወጡ። ፊታቸው በደሙ ርሷል። ሬሳውን ዞር ብለው አላዩትም። እዚያ ውስጥ እንደነበርሁ ለሰው እንዳትነግሪ፣ አሉኝና ሄዱ። ይኸው ነው። እግዜር ያጥናሽ እንኳ የለም።

አልተናገርሁም። ግን ለእሳቸው ብዬ እንዳይመስልህ፤ ቂሜን ማንም እንዳይነካብኝ ብዬ ነው። ጉድጓዱን በሳንቃ ከደንሁት። ሸማውን ሳልቆርጥ፣ ደሙ እንደደረቀበት፣ እዚያው ተውሁት። ከአርባው በኋላ ድምፁ ጀመረ። በየቀኑ አባቴ በሞተበት ሰዓት፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ሳንቃው ሥር ቋ... ቋ... ይላል። ጎረቤቴ ረሂማ አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈለቅቅ ምንም አትሰማም። አንቺ ልጅ ምነው ፊትሽ ገረጣ ብቻ ትለኛለች። እኔ አባቴ ደሙን የሚጠይቅ መሰለኝ። እናትህን ላልምር በመቃብሩ ላይ ማልሁ።

እየማልሁም እጾም ነበር። አቤት ጾሜ! አቤት ስግደቴ! የመሸሻ ልጅ መነነች ይሉኝ ነበር የሰፈሩ ሰዎች፤ አንገቴን ደፍቼ እሰማቸውና ልቤ ግን ቀና ይል ነበር። እናትህ በዘራቸው ኮሩ፣ እኔ በቁስሌ ኮራሁ። የማን እንደሚብስ እንጃ።

ዘንድሮ የሰሙነ ሕማማት ሰኞ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት እናትህ ናቸው። ባዶ እግራቸውን፣ የወፍጮ መጅ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው ጎንበስ ብለው ቆመዋል። ስለ እመቤቴ ብለሽ ማሪኝ አሉኝ። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከመጣ የተበደለው ‹ያውርዱት› ሳይለው እንደማያወርድ አንተም ታውቃለህ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? በሕማማት ሰላምታ የለም፣ መስቀል እንኳ አንሳለምም፣ ከትንሣኤ ወዲያ ይምጡ ብዬ በሩን ዘጋሁባቸው። ቤተ ክርስቲያን መሳሳም ከለከለች እንጂ ይቅርታ መቼ ከለከለች? ሥርዓቷን ለክፋቴ መሸሸጊያ አደረግሁት።

ማክሰኞም መጡ። ረቡዕም መጡ። የባላባት ሚስት የሸማኔ ደጅ ስትጠና ለማየት ሰፈሩ አጥር ላይ ተንጠለጠለ። እኔ በበሩ ቀዳዳ አያለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ይለኝ ነበር። አንገታቸው ሲንቀጠቀጥ ደስ ይለኝ ነበር። ረቡዕ ዕለት ብርቅነሽ በእግሬ መሀል ሾልካ ወጣችና ከፊታቸው ቆመች። ብርቅነሽ አንተ በሄድህ በኅዳር የመጣችልኝ ልጄ ናት፤ ያን ቀን እንሰቱ ሥር ስተኛም እቅፌ ውስጥ ነበረች። ስለ እሷ እስከ ዛሬ ያልጻፍሁልህም ያው በኩራቴ ነው። ሳቀችላቸው። እናትህ ፊቷን አዩ፣ ደጋግመው አዩ፣ ከዚያ ከፊቷ ተንበረከኩ። ድንጋዩን ግን አልጣሉትም።

በጸሎተ ሐሙስ ለሕጽበተ እግር ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። እናትህን በር ላይ አልፌያቸው ነው የሄድሁት። የነፍስ አባቴ አባ ስብሐት ወገባቸው እያመማቸው ጎንበስ ብለው እግሬን አጠቡ። አጥበው ሲጨርሱ እግሬን ሳይለቁ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ አድርገው፣ ይህን እግር አጠብሁት፣ ወዴት ልትሄጂበት ነው? አሉኝ። እግሬን ልስብ ስል አልለቁኝም። ደጅሽ የቆመችውን ሴት ተራምደሽ ከመጣሽ ለትንሣኤ አላቆርብሽም አሉኝ። እኔ ነኝ እኮ የተበደልሁት አልኋቸው። አባ ቀና አሉና ልጄ፣ ትዕቢት የበዳይ ብቻ መሰለሽ? አሉኝ። ተናደድሁ። እግሬ እንደረጠበ ነበር የወጣሁት።

መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስጣላ መጣሁ። እናትህ እዚያው ናቸው። ‹ያውርዱት› የምትለው ቃል አፌ ውስጥ ከድንጋዩ ከበደችኝ። ከማስቀደሴም ከስግደቴም ሁሉ ያን ያህል የከበደኝ ነገር የለም። በሁለት እጄ ድንጋዩን አነሣሁላቸው፤ ቃሏ የወጣችው ከዚያ በኋላ ነው። እግራቸው ተሰነጣጥቆ ይደማል። በገበታ ውሃ አምጥቼ ጎንበስ ስል አይሆንም፣ እኔ ነኝ የማጥብሽ ብለው ገበታውን ጎተቱት። እኔም ጎተትሁት። ውሃው መሬት ላይ ፈሰሰ። በሕማማት ሳቅ ነውር ነው እንጂ ሁለታችንም ሳቅ ያዘን። ከሳቁ በኋላ እናትህ ያን ያህል አለቀሱ።

ከዚያ የነገሩኝን እንዳለ ስማው። ጉድጓዱ ለሰው አይበቃም ነበር። መርገጫው የሚያርፈው ጀርባቸው ላይ ነበር። አባቴ ዝም ካለ ሶላቶዎቹ ይጠረጥራሉ፣ ከሸመነ ደግሞ እሳቸውን ይረግጣል። ረገጣቸው። በረገጠ ቁጥርም በሹክሹክታ ‹ይማሩኝ እሜቴ› ይል ነበር። አንድ ረገጣ፣ አንድ ‹ይማሩኝ እሜቴ›። ለአስተርጓሚው እየመለሰ እንኳ በመሀል በመሀል ‹ይማሩኝ እሜቴ›። እናትህ ‹ይማርህ› ማለት አቃታቸው። ሸማኔ በጀርባዬ ቆመ ብዬ ተቆጥቼ ነበር፣ አየሽ ልጄ፣ እሱ ሊሞትልኝ እኔ ተቆጥቼ፣ አሉኝ። ምሕረት እንደለመናቸው ሞተ። መልሱን ሳይሰጡት ቀሩ።

ቀጥለው ያሉት ነገር ነው ያስደነገጠኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ እሰማዋለሁ አሉኝ። ባሉበት ቤት፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሳይቀር። እኔ ሰዓቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደሙን የሚጠይቅ የመሰለኝ አባቴ ምሕረት እየለመነ ኖሯል። እኔ ልጁ አልገባኝም፤ የገባቸው ጠላቴ ናቸው።

በስቅለት ከስግደቱ አስፈቅደን መጣንና ሳንቃውን አነሣነው። እናትህ ወደ ጉድጓዱ ወርደው ያኔ እንደነበሩት ጎንበስ አሉ። ድምፁ ሲጀምር ሁለታችንም ሰማን። ይማርህ መሸሻ፣ አንተም ማረኝ፣ አሉ። ሸማውን ቆረጥሁት። ለትንሣኤ ያንኑ፣ ደሙ እንዳለበት፣ ለብሰው ካልሄድሁ አሉ። ለብሰውም ሄዱ። ለጠየቃቸው ሁሉ ከማን እግር ሥር እንደተረፉ ተናገሩ። አንዳንዱ አፉን ይዞ ራቀ፣ አንዳንዱ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ቆረብሁ።

ድምፁ ቀረ ብዬ አልዋሽህም። ትናንትም ነበር። አሁን ግን ‹ይማርህ አባዬ› እለዋለሁ፣ ጥቂት ቆይቶ ዝም ይላል። እኔ ስረሳ እናትህ ከጓሮ ይሉለታል።

እዚሁ ከእኛ ጋር ናቸው። ቤታችሁን ጣሊያን ይዞታል። በጠዋት ተነሥተው ያን የሸማኔ እግር የረገጠውን ደጅ ይጠርጋሉ፤ ይተዉ ብላቸው አይሰሙም። ብርቅነሽን ከጀርባቸው አያወርዷትም። አንድ ነገር ብቻ ያብሰለስላቸዋል። ሽማግሌ ልላክ ይላሉ፣ መልሰው ደግሞ ሽማግሌው ገብቶ የሚያናግረው አባት የት አለና ይሉና ያለቅሳሉ። እኔ የምመልሰው አላገኘሁም። አንተ ካገኘህ በጉታ ላክልኝ።

ብርቅነሽ ጥርሷን ጨርሳለች። ስትስቅ በግራ ጉንጯ ብቻ ነው የሚጎደጎደው።

የመሸሻ አምላክ ከጥይት ይሰውርህ። የረገጥኸው መሬት ይደላደልልህ፣ የወጣህበት ተራራ በሰላም ያውርድህ። ሳልህን ዝንጅብል ጠጣለት።

ያቺው የሸማኔ ልጅ