ከጎበዜ ጋር በአንድ ድንኳን

ጥር 8 ቀን 1959

ዛሬ ስድስት ምድጃ ሠራሁ... ምን አስዋሸኝ? አራት ነው። ከቀትር በኋላ መዶሻው ከእጄ ወደቀ። ሁለት ጊዜ። ሁለተኛውን ጎረቤቴ ጎበዜ አየ። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ምን አለሽ ተራ ጎን ለጎን ስንቀጠቅጥ አሥራ አንድ ዓመታችን። በመሃላችን አንድ ቆርቆሮ። ከተኳረፍን ሁለት ዓመት አለፈ። እኔ ያወጣሁት ባለ ሁለት በር ምድጃ በሳምንቱ እሱ ደጃፍ ተደርድሮ አየሁት። ጠየቅሁት። "በር ያለው ምድጃ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ?" አለኝ። በቃ።

ጥር 12

አንዋር መስጊድ ጁምዓ ሰግጄ ስወጣ ቀኝ እጄ አልነሳ አለ። ሰላም ያለኝን ሰው በግራ ጨበጥኩት። ምን ዓይነት ውርደት ነው?

ወጌሻው ጋሼ ኪዳነ ማርያም ትከሻዬን ጨምቀው፣ "ይኼ ጅማት ካላረፈ ጣቶችህ እንደተጨበጡ ይቀራሉ። ሂድ፣ ሶደሬ ፍል ውሃ ሰባት ቀን ተቀመጥ" አሉኝ።

ቤት ስገባ ሚስቴ ካሚላ ሁሉን ሰምታ ጨርሳለች።

"ድንኳን ተገኝቷል" አለች።

"የማን?"

"የቦሰና ባል።"

የጎበዜ ማለቷ ነው! እሱም ጉልበቱን አሞታል። ድንኳኑ የነሱ፣ የመኪናው ሂሳብ የኛ፤ ተነጋግረው ጨርሰዋል። እኛ ዝም ባልን ቁጥር ለካ እነሱ ሲያወሩ ኖረዋል።

"ከሱ ጋር ከማድር እጄ ይቆረጥ" አልኩ።

"ሲቆረጥ ማን ሊያበላን ነው?"

በግራ እጄ ጓዜን ማሰር ጀመርኩ።

ጥር 14

ሶደሬ። ከናዝሬት ወዲህ በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን መጣን። ድንኳኑን ስንተክል "ሳበው" አለኝ። ሳብኩት። ይኼ ንግግር ከተባለ ተነጋግረናል።

ድንኳኑ የወታደር አሮጌ ነው፤ ይሸታል። ጎበዜም ይሸታል። ጦጣ መጥታ ዳቦዬን ነጠቀችኝ። የሱን አልነካችም።

ጥር 15

ውሃው ቆዳ ይልጣል። በሽተኛው ሁሉ አዋሽ ዳር ሸራ ወጥሮ ስለ በሽታው ያወራል። አንዲት ሴትዮ የሆዷን ሕመም ከሠርጓ ቀን ጀምራ ተረከችልኝ። ማን ጠየቃት?

ሁለት ድስት ጣድን። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ ሥጋው ለየብቻ መሆኑ የታወቀ ነው። እሳቱ ለየብቻ የሆነው ግን በኛ ኩርፊያ ነው።

ጥር 16

ንጋት ላይ ሱብሂ ሰግጄ ወንዙ ዳር ተቀመጥኩ። የሆነ ነገር ጎደለኝ... ምን? ቆይቶ ገባኝ። መዶሻው። ሃያ ዓመት ጆሮዬ ውስጥ ሲመታ የኖረው ቆሟል። ውሃው ብቻ ነው የሚሰማው፤ ድንጋዩን ዞሮ ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል። ምን ያህል ተቀመጥኩ? ፀሐይ ጀርባዬን ሲያቃጥለኝ ነው የነቃሁት። ለካ ያን ሁሉ ሰዓት በማንም አልተናደድኩም። ደነገጥኩ።

ጎበዜ በመንጠቆ ሦስት ዓሣ ይዞ መጣ። ጠበሰው። ሳህኑን መሃላችን አስቀመጠና "ዓሣ አይታረድም" አለ። እውነቱን ነው። አብረን በላን። ጨው በዝቶበታል። ነገርኩትም።

ጥር 18

ዛሬ የሆነውን ሁሉ ልጻፍ።

ፍል ውሃው ወደ አዋሽ የሚወርድበት ቦይ አለ። አንዲት እናት የልጇን ወተት በጣሳ አድርጋ እዚያ መሃል አቆመችው። ሙቁ ውሃ ዙሪያውን እያለፈ ወተቱን አሞቀው። ዝም ብዬ ሳይ... እሳት ቢሆንስ? ግድግዳው ድርብ የሆነ ምድጃ፤ በድርቡ መሃል ውሃ። ወጡ ሲበስል የመታጠቢያው ውሃ አብሮ ይሞቃል!

እርጥቡ አሸዋ ላይ በግራ እጄ በእንጨት ሳልኩ። አጠፋሁ፣ ሳልኩ። ሳይታወቀኝ እኩለ ቀን ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ አዲስ ነገር አላሰብኩም ነበር... ስጠላ ነው የከረምኩት።

ቀና ስል ጎበዜ ከኋላዬ ቆሟል። በእግሬ ደመሰስኩት።

"ይኼንንም ስረቅ!" አልኩት።

አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ከዚያ፣ "ሙነወር፣ ያን ምድጃ ሰርቄሃለሁ" አለኝ።

የሳልኩበትን እንጨት ወንዙ ውስጥ ወረወርኩት።

"ሦስት ወር ሥራ ጠፍቶብኝ፣ ቦሰና እርጉዝ ሆና፣ ያንተን አየሁና ሠራሁ። አፍሬ ነው የካድኩህ። በማግስቱ ልነግርህ ስመጣ ተራው በሙሉ እየሰማ ሌባ አልከኝ።"

ብያለሁ። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም።

"ይቅር አልልህም" አልኩት።

"አልጠየቅኩህም። ግን ውሃ መጨመሪያውን ከታች ነው ያደረግከው። ይፈስብሃል።"

አሰብኩት። ልክ ነው። እንደዚህ ተናድጄ አላውቅም።

ጥር 21

የመጨረሻ ቀን። ጣቶቼ ተዘረጉ፣ አምስቱም። ደስ ብሎኝ ድንጋይ ላነሳ ሞከርኩ። ወደቀ። እንደገና። ወደቀ። አለቀስኩ። ውሃ ውስጥ ስለነበርኩ ማንም አላየኝም። ጎበዜ አጠገቤ ነበር፤ አይቶም ከሆነ ፊቱን አዙሯል።

ጥር 25

መርካቶ። ጩኸት፣ አቧራ፣ ግፊያ። መዶሻ ያዝኩ። ሦስት ምት፤ ከዚያ በላይ እጄ እምቢ አለ። ደንበኛ ሰደብኩ። ካሚላን ተቆጣሁ። ጋሼ ኪዳነ ማርያም አይተውኝ አንገታቸውን ነቀነቁ። መዶሻ ከእንግዲህ አይሆንህም ማለታቸው ነው።

የካቲት 2

ምድጃውን ወረቀት ላይ ሳልኩት። መጨመሪያውን ወደ ላይ አወጣሁት። ይኸው ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ለማን ልስጠው? ከዚህ ተራ እንደሱ ቆርቆሮ የሚያጥፍ የለም። ይኼንን መጻፍ እንዴት ይመራል።

የካቲት 6

ጠዋት ጎበዜ ሱቅ ገብቼ ወረቀቱን ፊቱ ወረወርኩት። "ሥራው" አልኩ። አየውና የቆርቆሮ መቀሱን አነሳ።

ከዚያ ወዲያ ጭቅጭቅ ነው። አሳጠርከው እለዋለሁ፣ መሳል አትችልም ይለኛል። ድምፃችን ሲሰማ ሰው ተሰበሰበ። ጣሳ ሻጩ እየሮጠ መጥቶ መሃላችን ገባ።

"ኧረ በፈጠራችሁ! ዛሬ ደግሞ ምን ሆናችሁ?"

"ዞር በል፣ ክዳን እየለካን ነው!" አልነው። እኩል።

የመጀመሪያው አፈሰሰ። ጎበዜ ፈታው፣ ስፌቱን እንደገና አጠበቀው። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ውሃ ሞልተን ከሰል አቀጣጠልን። ቆምን። ጠብታ የለም። ጣቴን ሰደድኩ፤ ሞቋል። ጎበዜም ሰደደ።

ጎበዜን አሁንም አልወደውም። ቀርበው ሲያዩትማ ይብሳል።

ነገ ሁለተኛውን እንጀምራለን። ክዳኑን ግን የምለካው እኔ ነኝ።