ድምፅ ሳይቆጠር ውጤት ላለመናገር የደከሙት አቶ ገብረየስ ዓባይነህ

አቶ ገብረየስ ዓባይነህ ከአባታቸው ከአቶ ዓባይነህ ሀዲስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጌጤነሽ አበጀ በ1942 ዓ.ም. በወልድያ ከተማ ተወለዱ። በዚያው ከተማ ተምረው መምህር ከሆኑ በኋላ ለሃያ ሁለት ዓመታት ጂኦግራፊ አስተማሩ። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ የዓለምዘርፍ ጸጋዬ ጋር ትዳር መሥርተው ሲራክንና ሳሌምን ወለዱ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ከነቤተሰባቸው በዲቪ ወደ አሜሪካ መጥተው አሌክሳንድሪያ ተቀመጡ። መጀመሪያ ፓርኪንግ፣ በኋላም ታክሲ ሠሩ። ከ2003 ጀምሮ ከባልደረባቸው ከአቶ ክፍሌ በፈቃዱ ጋር፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ቅዳሜ ጠዋት የአንድ ሰዓት የአማርኛ ሬዲዮ ዝግጅት ያቀርቡ ነበር።

በ2008 መጀመሪያ የፕሬዚዳንት ዕጩዎች የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ ተጀመረ። ቴሌቪዥኖቹ ማን በስንት ልዩነት ማሸነፍ እንዳለበት አስቀድመው ይገምታሉ። ከግምቱ በታች ያገኘ አንደኛ ቢወጣም ተሸነፈ፣ ከግምቱ በላይ ያገኘ ሦስተኛ ቢወጣም አሸነፈ ይባላል። አቶ ገብረየስም ይህንኑ እየተረጎሙ ያቀርቡ ነበር። የቨርጂኒያ ምርጫ ሦስት ቀን ሲቀረው «ቨርጂኒያ ያለቀለት ነው» ብለው አነበቡ።

የአሌክሳንድሪያዋ ነዋሪ ወይዘሮ ሉባባ ያን ጊዜ የሰባ ሁለት ዓመት አዛውንት ነበሩ። ዜግነት ያገኙት በቀደመው ዓመት ሲሆን፣ ድምፅ ሊሰጡ የተዘጋጁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በተከታዩ ቅዳሜ በቀጥታ ሥርጭት ደወሉ።

«ገብሬ፣ አለቀ ስላልክ በምርጫው ዕለት ካፖርቴን አውልቄ ቤት ቀረሁ። ለካ ሰው እስከ ምሽት ይሰለፍ ኖሯል። ሳይቆጠር ማን ነገረህ?»

ወይዘሮ ሉባባ ከዚያ በኋላ አልደወሉም፤ ሬዲዮውንም መስማት ተዉ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አቶ ገብረየስ ያልተቆጠረ ነገር አንብበው አያውቁም። አቶ ክፍሌ ግን ግምቱ ራሱ ዜና ነው፣ ገንዘቡም ሰዉም ግምት ወደተሰጠው ይሄዳል፣ ለአድማጭ መደበቅ አይገባም ይሉ ነበር። እውነት ነበራቸው፤ አቶ ገብረየስም አልካዱም። በመጨረሻ ግምቱን ከቆጠራው በኋላ ለመናገር ተስማሙ። አድማጭ ግን አልጠበቀም። አንዱ ደውሎ «ጋሼ፣ ሌላው ሬዲዮ የነገን ነግሮን ጨርሷል፤ እርስዎ ገና ትናንት ላይ ነዎት» አላቸው። እሳቸውም ስቀው «ትናንትንም በቅጡ አልጨረስኩት» አሉ።

በ2012 ቅድመ ምርጫ መጀመሪያ ድምፅ የሰጠው ክፍለ ሀገር ውጤት ከሁለት ሳምንት በኋላ ተገልብጦ ሌላ ሰው አንደኛ ሆነ። አቶ ገብረየስ እርማቱን ሁለት ቅዳሜ ደጋግመው አነበቡ፤ አንድም ሰው አልደወለም። በ2013 ዝግጅቱ ተዘጋ። ከወይዘሮ ሉባባ ስልክ ወዲህ የጀመሩትን፣ በምርጫ ቀን አረጋውያንን በታክሲያቸው ማመላለሱን ግን አልተዉም። የወይዘሮ ሉባባን በር ለማንኳኳት ብዙ ጊዜ አስበው አልደፈሩም።

በ2014 መጨረሻ የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ሥራቸውን ትተው አስታመሟቸው። ማርች 1 ቀን 2016 የቨርጂኒያ ቅድመ ምርጫ ዕለት፣ አልጋ ላይ ሳሉ ስልክ ተደወለ። ወይዘሮ ሉባባ ነበሩ።

«ገብሬ፣ ቴሌቪዥኑ አለቀ ይላል። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«ገና አልተቆጠረም እማማ። ካፖርትዎን ይልበሱ» አሏቸው።

ሲራክ መኪናውን አስነሥቶ ወይዘሮ ሉባባን ወደ ምርጫ ጣቢያ ወሰዳቸው። ሲመለሱ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ብዙ ቆዩ፤ ስለ 2008 ማንም አላነሣም። አቶ ገብረየስ በዚያ ቀን ማን እንዳሸነፈ ሳይጠይቁ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቤተሰቡ እንደዚያ በሰላም ሲተኙ ካያቸው ዓመታት አልፈው ነበር።

አቶ ገብረየስ ማርች 9 ቀን 2016 በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ የልጅ ልጅ ትተዋል። የደከመ ድምፃቸውን ያሳረፈ አምላክ ነፍሳቸውንም ያሳርፍልን፤ ለወይዘሮ የዓለምዘርፍና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥልን።