ልጄ ስለምትወርድበት ጉድጓድ

ለክቡር የውጭ አገር የመስክ ትምህርት መምሪያ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለወንበርዎም ጽናት እመኛለሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቧንቧ ቦይ ስቆፍር የኖርኩ፣ ባልደረቦቼ ፍልፈል እያሉ የሚጠሩኝ፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ በመምሪያዎ አማካይነት ባሕር ተሻግራ ጥንታዊ ከተማ ልትቆፍር የምትሄደው የሁለተኛ ዓመት የአርኪዮሎጂ ተማሪ አባት ነኝ። ሦስት ጊዜ በግል ጽፌልዎት መልስ ስላጣሁ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ሳይሆን የፖስታዬ ማነስ መሆኑን ተረድቼ፣ ይህን አራተኛውን በደማቁ ጽፌ በመምሪያዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአክብሮት ለጥፌዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለላኩልን የዝግጅት መመሪያ ላመስግን። የባርኔጣው ስፋት፣ የፀሐይ ክሬሙ ዓይነት፣ የጫማው ሶል ውፍረት፣ የግንበኛ ማንኪያው ስለት ሳይቀር ተጽፎልናል። ልጄም በዝርዝሩ መሠረት ሻንጣዋን ሦስት ጊዜ ሞልታ ሦስት ጊዜ ገልብጣዋለች፤ ሳሎናችን መተላለፊያ የለውም፤ እናቷ በካልሲ ብዛት ስትከራከራት ትውላለች። ቤቱ በደስታ ተሞልቷል። እኔ ብቻ ገጽ ሰባት ላይ ቀርቻለሁ።

ገጽ ሰባት ላይ ባለፈው ዓመት የሄዱት ተማሪዎች ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክከው በብሩሽ ሲጠርጉ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አለ፤ አንዲት ልጅ ቀና ብላ ትስቃለች። ከዚህ ውብ ፎቶግራፍ በትሕትና የታዘብኩት፣ በሦስቱም ደብዳቤዎቼ እንደጻፍኩልዎት፣ የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ግድግዳው ቢቆሙ ከሁሉም ቁመት የሚበልጥ፣ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ያለ ነው፤ አንድም ደጋፊ ሳንቃ የለውም። ልጄን ብጠይቃት፣ ታሪክ የሚነበበው ከግድግዳው ንብርብር ስለሆነ በሳንቃ አይሸፈንም አለችኝ። እኛ ያልተማርን ቆፋሪዎች ግድግዳ የማንበብ ግዴታ ስለሌለብን፣ ጉድጓዱ ከደረት ካለፈ ሳንቃ ሳንገጥም አንወርድም።

ሁለተኛ፣ የወጣው አፈር ርቆ በመጣል ፈንታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተከምሯል። ሦስት እርምጃ ተሸክሞ መሄድ እንደሚያታክት አውቃለሁ፤ ይህን ስሕተት ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው ሰው የለም።

ሦስተኛ፣ ከክምሩ ሥር፣ በፎቶግራፉ ቀኝ ዳር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ከጉድጓዱ አፍ ጋር ትይዩ ሆኖ ይሄዳል። ሳቂዋ ልጅ ጀርባዋን የሰጠችው ለዚያ በኩል ነው።

እዚህ ላይ መቁጠሬን ላቁም። ታናሽ ወንድሜ የወረደበት ቦይ ከዚህ ያነሰ ነበር። እሱ ከታች ይቆፍራል፣ እኔ ከላይ ሆኜ አፈሩን እግሬ ሥር እከምራለሁ፤ ሦስት እርምጃ መራመድ የታከተኝ ሰው እኔ ነኝ። ክቡርነትዎ፣ ግድግዳ ሊወድቅ ሲል አይጮኽም፤ መጀመሪያ አንድ ቁንጥር ጨው የምታህል አፈር ትከሻ ላይ ጣል ያደርጋል። ወንድሜ በእጁ አራገፈና ሥራውን ቀጠለ። አካፋው እንዳያገኘው ፈርተን በእጃችን ቆፈርን፤ ደረስንበት፣ ግን አልደረስንለትም።

ይህንኑ ለጸሐፊዎ በስልክ ነግሬያት ነበር፤ በትዕግሥት አዳምጣ «አባባ፣ አይጨነቁ፣ እዚያ የሚያስቆፍሯቸው ፕሮፌሰሮች ናቸው» ብላ አጽናንታኛለች። እግዜር ይስጣት። እንግዲህ የዚያ አገር አፈር የሰውን የትምህርት ደረጃ እያየ የሚወድቅ ጨዋ አፈር መሆን አለበት።

ከመመሪያው ጋር ለላኩልን የመጠይቅ ቅጽም ምስጋናዬ ይድረስዎ። አደጋ ቢደርስ በቅድሚያ ማን እንደሚጠራ፣ እሱ ካልተገኘ ማን፣ እሱም ካልተገኘ ማን እንደሚጠራ ሦስት መስመር ትተውልናል። እንዳንጠራ ምን ቢደረግ እንደሚሻል የሚጠይቅ መስመር ግን ብፈልግ አጣሁ፤ ምናልባት ወረቀቱ አልበቃ ብሎ ይሆናል።

አትሂጂ ለምን አላልካትም ይሉኝ ይሆናል። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የተመኘችውን ነገር ከእጇ መንጠቅ አቃተኝ፤ ደግሞስ እሷን ባስቀር ከእሷ ጋር የሚወርዱት አሥራ አራቱ የማን ልጆች ናቸው? ስለዚህ ማድረግ የምችለውን አደረግሁ። ጓሮ አስጎንብሼ ብሩሽ አስያዝኳትና ከኋላዋ ትከሻዋ ላይ ቁንጥር አፈር ጣልኩ፤ ይህን ባወቅሽ ጊዜ የያዝሽው ወርቅም ቢሆን ጥለሽ ውጪ አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ደጋግሜ ስጥልባት ሳቋን ተወች፤ ሄዳ መመሪያዎን አመጣችና ገጽ አሥራ ሁለትን አሳየችኝ፦ ያለ ተቆጣጣሪ ፈቃድ ከጉድጓድ የወጣ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል። «አባዬ፣ መጀመሪያ እጄን ማውጣት አለብኝ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልጄን የማውቃት እኔ ነኝ፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሳይፈቀድላት ተነስታ አታውቅም። እጇን አውጥታ ትጠብቃለች።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከሥራዎ ብዛት ዘጠኙ ቀን ሳያልፍ ጥቂት ደቂቃ ቆርሰው ለዚያ አገር ሰዎች እንዲጽፉልኝ እለምናለሁ፦ ሳንቃ ይግባ፣ አፈሩ ሦስት እርምጃ ይራቅ፣ ገጽ አሥራ ሁለት ይሰረዝ። ለሳንቃው ከተቸገሩ እኔ በአናጢ አሠርቼ እልካለሁ። ይህ ሁሉ ከአቅምዎ በላይ ቢሆን፣ ገጽ አሥራ ሁለትን ብቻ ይሰርዙልኝ፤ ሩጫውን ለልጆቹ እንተውላቸው።

ለባርኔጣችን ስፋት ያሳዩትን ጭንቀት ዕድሜ ልኬን ሳልረሳ፣ ከጉድጓድ ውጭ ባለው ሰፊ ቢሮዎ መልካም የሥራ ጊዜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ፍልፈል፣ የተማሪዋ አባት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ታርሞ የታተመው አዲሱ መመሪያ ደረሰን። ገጽ አሥራ ሁለት እንዳለ ነው። ገጽ ሰባት ላይም ያችው ልጅ ያንኑ ሳቅ ትስቃለች፤ ፎቶግራፉ ግን በቀኝ በኩል ሁለት ጣት ያህል ተቆርጦ ስንጥቁ ጠፍቷል። እስከ ዛሬ ደብዳቤዎቼን ያነበበልኝ ሰው የለም እያልኩ በየሄድኩበት ሳማዎት ከርሜያለሁ፤ ለዚህ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።